ልጁ ስም ሳይወጣለት

በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሕፃናት ክትባት መዝገብ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ስም ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የፔንታ፣ ማለትም አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፣ የመጀመሪያ ቀጠሮ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ እናቶች «የ45 ቀን» የሚሉት። ሁለተኛው በ10ኛው ሳምንት ይከተላል። ወንዱ ስሙን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሴቷ ግን ክርስትና ሳትነሣ ሁለት ዙር ይደርስባታል። «ሚጣ» ተብላ የተመዘገበችው ልጅ በዘጠኝ ወሯ በሌላ ስም ትመጣለች፤ አያቷ ደግሞ ራሳቸው ባወጡላት ስም ይጠሯታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ጤና ኬላው ላይ ስመደብ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ልጅን በልጁ ስም አለመፈለግ ነበር። የምፈልገው በእናቱ ስም ከነአባቷ፣ ከዚያም ጤና ኬላው ለየቤቱ በሚይዘው የቤተሰብ ማህደር የቤት ቁጥር ነው። የልጁን ስም በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ክርስትናው ሲያልፍ በእስክርቢቶ ይጸናል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። «መቼ ተወለደ?» ስትል «የሚካኤል ማግሥት» ትባላለህ። ይህ ከብዙ ካርድ ይልቅ የጠራ መልስ ነው፤ 13 ማለት ነው። የሚያጠራጥረው ወሩ ነው። «ቡሄ ካለፈ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ እናቲቱ ካመነታች ጎረቤት ትጨምርበታለች። ቀኑን ስጽፍ የነገሩኝን ቃል ጎኑ ላይ እተዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ካርዱና መዝገቡ ሲለያዩ የሚፈርደው እሱ ነው። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ጣት ቆጥሮ ቀጠሮ መስጠት ያስፈልጋል። ነሐሴ 20 የተከተበ ልጅ አራት ሳምንቱ የሚሞላው መስከረም 13 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 12።

አሁን የቀጠሮ ካርዶች ወደማስቀምጥበት ሳጥን ልምጣ፤ ከመዝገቡ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። መዝገቡ የሚነግረኝ ማን እንደመጣ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ማን እንደቀረ። ስለዚህ ካርቶን በየወሩ ከፋፈልኩ፣ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር አዳበልኩ። የእያንዳንዱ ልጅ ቅጂ ካርድ ቀጣይ ቀጠሮው ባለበት ወር ውስጥ ይገባል። ሲከተብ ካርዱ ወደፊት ይሄዳል፣ ካልመጣ እዚያው ይቀራል። ሪፖርታችን ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ስለሚቆጠር 20 ላይ ሳጥኑን ከፍቼ የቀሩትን አወጣለሁ። በማግሥቱ ማርያም ናት፤ የምፈልጋቸው እናቶች ብዙዎቹ አዝዋ ማርያም ደጅ ይገኛሉ። ቤት ለቤት ስዞር የሚፈጀውን ጊዜ እዚያ በአንድ ጠዋት እጨርሰው ነበር።

በዚህ አካሄድ ከቀሩት ውስጥ ሴት ሕፃናት እንደሚበዙ አየሁ፤ ምክንያቱም የ80 ቀኑ ነው። ክርስትናው ሳይደርስ ከቤት መውጣት የማትፈልግ እናት ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይሠራም። ከአንዲት አያት ጋር የተነጋገርነው ግን ሠራልኝ። «እማማ፣ እሷ ባትወጣ እርስዎ ያምጧት» አልኳቸው። «እኔ?» አሉና ስቀው፣ «እሱስ ማን ይከለክለኛል፤ እንኳን እዚህ ባሕር ዳርም አመጣታለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለሴት ሕፃን ቀጠሮ ስሰጥ ማን እንደምታመጣትም አብሬ እጽፋለሁ።

የኩፍኝ ክትባት ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፣ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተሰጠው ይጣላል። አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣ ብልቃጥ ለመክፈት እጅ ያመነታል፣ እናቲቱን መልሶ መላክ ደግሞ ልጅ ማጣት ነው። ከሳጥኑ የዘጠኝ ወርና የ15 ወር ልጆችን አብሬ አውጥቼ በአንድ ቀን እቀጥራቸዋለሁ፣ ገበያ ቀን ካልሆነ። የ15 ወሩ ዙር በ2011 ዓ.ም. የተጨመረ ነው፤ ታላላቆቹን በዘጠኝ ወር ያስጨረሰች እናት «ጨርሷል» ብላ ትከራከራለች። እውነቷን ነው፣ ለታላቁ።

«ተከትቧል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ዘመቻ ሲመጣ ቤት ለቤት የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣል፣ የልጁ ጣት ይቀለማል፣ ካርዱ ላይ ግን አይጻፍም፤ መደበኛውንም ዙር አይተካም። «በአፉ ነው ወይስ ጭኑ ላይ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ይለያል። ያዘገየ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀምርም፤ ይህን ያልነገርኳት እናት እንደ አዲስ ሊወጉት ነው ብላ ትቀራለች።

ለራሴ በየወሩ አንድ ስሌት እሠራለሁ። ለምሳሌ 50 ልጅ ፔንታ አንድን ወስዶ 42ቱ ሦስተኛውን ከወሰዱ ስምንቱ አቋርጠዋል፤ 16 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግሩ እናቶች ክትባት መጥላታቸው አይደለም፣ አንዴ መጥተዋልና። ቀጠሮው፣ ጀልባው ወይም እኛ ነን።

ቡና ይዘው ባሕር ዳር ሲሻገሩ እዚያ ያስከተቡትን በተመለከተ፦ ቀኑን ከካርዱ ገልብጬ ቦታውን እጽፋለሁ፣ የኔ ሪፖርት ላይ ግን አልቆጥረውም፤ የከተበው ጤና ጣቢያ ቆጥሮታል። ከተማ የሚገባ ቤተሰብ ካለ ተሰጥቶ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ የቀረውን ዙር ከመዝገቡ አሟልቼ፣ መዝገቡ ላይ «ተዛውሯል» ብዬ፣ ቅጂውን ከሳጥኑ አወጣለሁ።