ረዳቴ ዓይኑ ሲበራ

አለቃችን ጠዋት በሩ ላይ ቆም አሉና «የዕቃዎች ጥገናውን ሪፖርት በአንድ ገጽ አሳጥረሽ ለስምንት ሰዓቱ ስብሰባ አድርሺልኝ» አሉኝ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። «ራስሽ እንዳትደክሚ ደግሞ። ለልጁ ስጪው።»

ልጁ ማለት ኮምፒውተራችን ላይ የመጣልን አዲሱ ረዳት ነው። በደብዳቤ ሲያስተዋውቁን «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት» ነበር የተባለው። ይህን ስም ጠርተን እስክንጨርስ ሥራው ራሱ ያልቃል ብለን በሁለተኛው ቀን «ልጁ» አልነው።

ሪፖርቱ 64 ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትን መልሶ ማንበብ ግን አልወድም፤ በየገጹ «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?» እያልኩ መሸማቀቅ ነው ትርፉ። ስለዚህ ደስ እያለኝ ለልጁ ጻፍኩለት። «የእቃዎች ጥገና ሪፖርትን በአንድ ገጽ አሳጥርልኝ።»

«ይቅርታ፣ ፋይሉን ማግኘት አልቻልኩም» አለኝ።

እንዴት? ፋይሉ እኮ ዓይኔ ሥር ነው። ከፈትኩት። ከስክሪኑ ግማሽ ላይ ሪፖርቱ ተዘርግቷል፤ በሌላው ግማሽ ልጁ የለም ይላል። ጎረቤት ናቸው። አንገቱን ትንሽ ዞር ቢያደርግ ያየዋል።

እንደ ሰው ለመንኩት። «እባክህ ደግመህ ፈልግ።»

«በእርግጥ! ደግሜ ፈልጌያለሁ። ፋይሉን ማግኘት አልቻልኩም።»

ይህ «በእርግጥ!» የሚሉት ነገር አለ። የሚጮህብኝን ሰው እችለዋለሁ። ፈገግ እያለ እምቢ የሚለኝን ግን አልችልም። በትልልቁ ጻፍኩበት፣ ቃለ አጋኖ ደረደርኩበት፣ አንዴም «እዚያው አጠገብህ ነው!» አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ።

በመጨረሻ ብልሃት መጣልኝ። የፋይሉን አድራሻ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩለት። «ይኸውልህ፣ እዚህ ነው ያለው። አሁን ምንም ሳትል አሳጥርልኝ!»

ታዛዥ ነው። ቁጭ አድርጎ አንድ ገጽ ሰጠኝ። «ሪፖርቱ በአጠቃላይ አበረታች ውጤት መመዝገቡን፣ አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢያጋጥሙም በተደረገው ርብርብ መፈታታቸውን፣ በቀጣይም ሥራው ተጠናክሮ እንደሚቀጥል ያመለክታል።»

እውነቴን ነው፣ የራሴ ጽሑፍ መሰለኝ። ኮርቼም ነበር። ፕሪንት ልለው እጄን ስዘረጋ ነው ሦስተኛውን አንቀጽ ያየሁት። «በሦስተኛው ሩብ ዓመት የታየው የሽያጭ ዕድገት» ይላል። እኛ ክፍል ምንም ነገር አይሸጥም። የተበላሸ ወንበር ነው የምናስጠግነው።

አይቲያችንን ጠራሁት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ጥያቄ ብቻ ነው።

«ሪስታርት አድርገሽዋል?»

«አድርጌዋለሁ።» አላደረግኩም።

«ይሄ አድራሻ የት ያለ ፋይል ነው?»

«ዴስክቶፔ ላይ ነዋ።»

እንደ ሐኪም አየኝ። «እህቴ፣ ልጁ አንቺ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር መስሎሽ ነው? እሱ ያለው ሩቅ ሰርቨር ላይ ነው። እዚህ የምታዪው መስኮቱን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ክላውድ፣ «ደመና» የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ላይ ያለውን ነው ማየት የሚችለው። ዴስክቶፕሽን አያውቀውም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ሰምቻለሁ። የእኔ ላም ግን ምድር ላይ ታስራለች፤ ልጁ ሰማይ ለሰማይ ይፈልጋታል።

«ታዲያ ሳያይ እንዴት አሳጠረው?»

«የፋይሉን ስም ከአድራሻው ላይ አነበበ፣ ሌላውን ገመተ። የነዚህ ሞዴሎች ሥራቸው እኮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ነው። ሪፖርት ማለት ደግሞ...» ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። «ለመገመት ከባድ አይደለም።»

«መጀመሪያ ላይ 'አላገኘሁም' ሲለኝ እውነቱን ነበራ?»

«እውነቱን ነበር። 'ምንም ሳትል' ብለሽ ያስዋሸሽው አንቺ ነሽ።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ፋይሉን ወደ ክላውዱ ልናወጣው ተቀመጥን። ለአንድ ፋይል ምን ያመላልሰኛል ብዬ ሙሉውን ፎልደሬን ይዤ ጎተትኩት።

«ሁሉንም?» አለኝ አይቲው።

«ሁሉንም!» አልኩት። ዛሬ ላይ ቆሜ ያንን ደቂቃ ሳስበው እጄን ይዞ የሚያስቆመኝ ሰው አለመኖሩ ያናድደኛል። እሱም «እሺ» ብሎ ዝም።

ፎልደሩ ወጣ። ልጁን ጠየቅሁት። «ይቅርታ...»

«በየትኛው አካውንት ነው የገባሽው?» ጥያቄው አላለቀም። አየን። በግል ኢሜይሌ ነው። እዚያ ውስጥ ከቤተሰብ ፎቶና ካለፈበት የሠርግ ጥሪ በቀር ምንም የለም። ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጥገና ሪፖርት ሲፈልግ የነበረው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ውስጥ ነው ማለት ነው። በሥራ አካውንት ገባን።

አሁን ሌላ መጣ። ሪፖርቱ አባሪዎች አሉት፤ አንዱ ያለው የሒሳብ ክፍል ፎልደር ውስጥ ነው። ሊንኩን ስነካው 403 የሚል ቁጥር ወጣ።

«404 ማለት የለም ማለት ነው» አለኝ አይቲው። «403 ማለት አለ፣ ግን አንቺን አይመለከትሽም። አንዳንዱ ሲስተም ደግሞ መኖሩንም እንዳታውቂ ብሎ በ403 ፋንታ 404 ይልሻል።»

ይሄ ወዲያው ገባኝ። የአለቃ ጸሐፊ ማለት ነው። አለቃው ቢሮ ቁጭ ብለው «አልገቡም» የምትለው።

«ልጁ በአንቺ ቁልፍ ነው የሚገባው» ቀጠለ። «አንቺ የምትከፍቺውን ይከፍታል። ለአንቺ የተዘጋው ለእሱም ዝግ ነው። ከአንቺ በላይ ሥልጣን የለውም።»

አዘንኩለት። እኔ ሰላይ አስመስዬ ነበር የማየው። ለካ እንደ እኔው ነው፤ ቁልፍ የሌለው ምስኪን። ሒሳብ ክፍል ደወልን፣ ለመንናቸው፣ ፈቀዱ። የሰጡን አባሪ ስካን የተደረገ ሆኖ ተገኘ። ፒዲኤፍ ቢባልም ፎቶ ነው፤ ፊደል የለውም። ያውም ዘሞ የተነሳ። ያዘመምኩት እኔ እንደሆንኩ ለአይቲው አልነገርኩትም። ከፎቶ ላይ ፊደል በሚለቅም ፕሮግራም አሳለፈው። አንዱ ድምር ላይ ማህተም አርፎበት ስለነበር ቁጥሩን በእጄ አስገባሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ጠየቅሁት። «ይቅርታ፣ የእቃዎች ጥገና ሪፖርት የሚል ፋይል ማግኘት አልቻልኩም።»

አይቲው እንኳ ዝም አለ። «ኢንዴክስ እስኪያደርግ ይሆናል» አለ። አዲስ ፋይል ሲገባ ሲስተሙ አንብቦ እስኪመዘግበው ጊዜ ይወስዳል። ጠበቅን። ሪፍሬሽ አደረግን። ጠበቅን። ያቺን ክብ እየዞረች ሳያት ዓይኔም አብሮ ዞረ።

ከዚያ አይቲው ወንበሩን ሳብ አደረገና ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ። የፋይሉን ስም አየ። እኔ ለልጁ የጻፍኩትን አየ። እንደገና የፋይሉን ስም።

«በየትኛው 'ዕ' ነው የጻፍሽው?»

«ምን በየትኛው?»

ፋይሉ ሲሰየም በዓይኑ «ዕ» ነው፤ «የዕቃዎች»። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የምጽፈው በአልፋው «እ» ነው፤ «የእቃዎች»። አምና ደግሞ በጥንቃቄ ስጽፍ የነበርኩት እኔው ነኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ድምፃቸው አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። አይቲው ፈልጎ አሳየኝ፤ «እ» 4773 ነው፣ «ዕ» 4821። ልዩነታቸው 48 ነው።

«ልጁ እኮ ብልህ ነው ተብሏል። ይሄን አያውቅም?»

«እሱ ያውቅ ይሆናል። ፋይሉን የሚፈልግለት ግን ከሥሩ ያለው ተራ ፍለጋ ነው። እሱ ደግሞ ፊደል በፊደል ካልገጠመለት አይነቃነቅም።»

ትምህርት ቤት «የቱን ሀ እንደምትጽፉ ልብ በሉ» እያሉ ይቆጡን የነበሩትን መምህሬን አሰብኩ። ያኔ እንስቅ ነበር። እሳቸው ይህን ቀን አይተው ነበር ማለት ነው።

በዓይኑ ዕ ጻፍኩ። ልጁ ዓይኑ በራ። 64 ገጹን አንብቦ፣ አባሪውን ጨምሮ፣ ከሥሩ ምንጩን ሁሉ ዘርዝሮ አንድ ገጽ አወጣልኝ። የተጠገነው ወንበር ብዛት ልክ፣ ድምሩ ልክ። ሽያጭ የሚል ቃል የለበትም። አይቲውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እሱም የገባው መሰለኝ፣ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

ስምንት ሰዓት። የስብሰባው ክፍል ሞልቷል። የእኔ ኮምፒውተር ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቷል። አሳየሁ። አለቃችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድንቅ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

«እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው። «ባለፈው ዓመት በክፍሉ ሳይፈቱ የቀሩ ችግሮች ምንድን ናቸው በይው።»

ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ መልሱ በትልልቁ መጣ።

«1. የመለዋወጫ ዕቃ መዘግየት። 2. የጥገና ጥያቄ ቅጽ አለመሙላት። 3. አለቃው በኢሜይል ሊያልቅ ለሚችል ጉዳይ ሁሉ ስብሰባ መጥራታቸው። 4. የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ ለሁለት ዓመት 'እናየዋለን' እየተባለ መቆየቱ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ሳለ፤ ሳል አልነበረም።

«ሦስትና አራት የት ነው ያሉት?» አሉ አለቃችን። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። የሚያስፈራው እሱ ነው። «ሪፖርቱ ላይ አላየኋቸውም።»

ልጁ ምንጭ የሚደብቅ ዓይነት አይደለም። ከሥር ዘርዝሮታል። «ምንጭ፦ የዕቃዎች ጥገና ሪፖርት። የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ፣ ረቂቅ 4። የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ፣ ረቂቅ 5፣ ተናድጄ የጻፍኩት።»

ፎልደሩን። ሙሉውን ፎልደር። በገዛ እጄ።

ገጹን ለመዝጋት ማውሱን ፈለግሁት፤ እጄ ሥር ሆኖ አጣሁት። አይቲው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጣሪያውን ያያል።

አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ረቂቅ 4 እና 5 ካሉ» አሉ፣ «ረቂቅ 6ም ይኖራል ማለት ነው። ምን እንደሚል ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ ጻፍኩ። ሆን ብዬ በአሳቹ ፊደል፣ «የደመዎዝ» ብዬ። በልቤ እየለመንኩ፣ ጠዋት የጠላሁትን ያንን መልስ፣ አንዴ ብቻ፦ «ይቅርታ፣ ፋይሉን ማግኘት አልቻልኩም» በል በናትህ።

«በእርግጥ!» አለ ልጁ። «'የደመወዝ' ለማለት ፈልገው መሰለኝ። ረቂቅ 6ን በአንድ ገጽ አሳጥሬዋለሁ።»