ስዕላዊ ግራፍ ከ3ኛ ክፍል ልጆች ጋር፦ እስካሁን የት ደረስን

ስዕላዊ ግራፍን (ብዛትን በተደጋገሙ ስዕሎች የሚያሳየውን) ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ምዕራፍ ነው የምናልፈው። ልጆቹ ስዕሉን ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ እኛም "ራይት" እናደርጋለን፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን ቀስ ብዬ ልሂድበት አልኩና ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ለምታስተምሩም፣ ቤት ልጅ ለምታስጠኑም ይሆናል። መቁጠሩ ላይ ችግር የለም። ጉዱ ያለው ግራፉ ስር የምትወሸቀው ትንሽ መስመር ላይ ነው፣ "አንድ ስዕል = 2 ልጆች" የምትለዋ፣ ቁልፏ።

ወረቀት ከመንካታችን በፊት በቆርኪ ጀመርን። ቆርኪ ገንዘብ አያስወጣም (ሰፈር ያለ ግሮሰሪ ብትጠይቁ በፌስታል ሙሉ ይሰጧችኋል)። ጥያቄው "ዛሬ በምን መጣችሁ?" ነበር። በእግር፣ በታክሲ፣ በሰርቪስ፣ በባጃጅ። እጅ አውጡ ብትሉ ሁለቴ የሚያወጣ አይጠፋም፣ በባጃጅ ሳይመጣ ባጃጅ ስለሚወድ ብቻ የሚያወጣም አለ። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አንድ ቆርኪ፣ ተራ በተራ እየወጡ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር ላይ ያስቀምጣሉ። በእግር 22፣ በታክሲ 10፣ በሰርቪስ 6፣ በባጃጅ 3። ስንደምረው 41፣ የተገኘው ልጅም 41። ይቺን ማመሳከሪያ አትዝለሏት፤ መረጃ ከመነበቡ በፊት ልክ መሆኑ መታየት እንዳለበት ልጆቹ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ከዚያ ወደ ወረቀት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ቆርኪ ሁሉም እኩል ነው፣ የልጅ ስዕል ግን አይደለም። አንዱ ቡድን ሰርቪሱን እስከ ሹፌሩ ባርኔጣ ድረስ አሳምሮ፣ ስድስቱን አውቶቡስ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋቸው፤ አስሩ ታክሲ ደግሞ ትንንሽ ሆነው ጥግ ላይ ተጠጋግተዋል። "ከታክሲና ከሰርቪስ የቱ ይበዛል?" ስል ግማሹ ክፍል "ሰርቪስ!" አለ። አሁን የቆጠሩት እነሱው ናቸው እኮ! ዓይናቸው የሚያየው ርዝመቱን ነው። መፍትሔው ባለ ካሬ ወረቀት ነው፦ በአንድ ሳጥን አንድ ስዕል፣ ሁሉም ረድፍ ከአንድ መስመር ይጀምራል።

ይሄ የልጆች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦቶ ኖይራት የሚባል ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ውስጥ ለተራው ሰው ቁጥርን በስዕል የሚያስረዳ ሙዚየም አቋቁሞ ነበር። የሙያ አጋሮቹም ጭምር የያዙት ደንብ ይሄው ነው፦ ብዛት ሲጨምር ስዕሉን አታሳድገው፣ ያንኑ መጠን ደጋግመው። ምክንያቱም አንድን ስዕል ቁመቱንም ወርዱንም እጥፍ ካደረጋችሁት ወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ 4 እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ እጥፍ፣ ስዕሉ አራት እጥፍ። ትልልቅ ሰዎችንም በዚህ ማታለል ይቻላል፣ ማስታወቂያ ላይ ልብ ብላችሁ እዩ።

ቁልፉን እኔ አላመጣሁትም ማለት ይቻላል። 22 እግረኛ መሳል ሲጀምሩ "ቲቸር ደከመን" አሉ፣ እኔም የምጠብቀው ይሄንኑ ነበር። ተመልሰን ወለሉ ላይ ሁለት ሁለት ቆርኪ እያነሳን በአንድ ጠጠር ተካን። 22 ቆርኪ 11 ጠጠር ሆነ። ባጃጅ ላይ ስንደርስ ሁለቱ በአንድ ጠጠር ሄዱና አንድ ቆርኪ ተረፈ፣ ክፍሉ ዝም አለ። "ግማሽ ጠጠር" አለ አንዱ ከኋላ። እሱን ወረቀት ላይ ሲስሉት ደግሞ አንዷ ልጁን ከወገቡ ላይ ቆርጣ እግሩን ብቻ ሳለችው፣ ትምህርቱ ለጥቂት ደቂቃ በሳቅ ቆመ። ምክሬ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ስታስተምሩ ስዕሉ ክብ ይሁን። ክብ ሲጋመስ ግማሽነቱ ያስታውቃል፣ ማንም አይሞትም።

በጣም የከበዳቸው ጥያቄ "በስንት ይበልጣል?" ነው። መጀመሪያ የብዙውን ቁጥር ይነግሯችኋል፣ 22። "ይበልጣል" የሚለውን "ብዙው ስንት ነው" አድርገው ነው የሚሰሙት። ረድፎቹን ጎን ለጎን አድርገን የተጣመሩትን በማስመሪያ ሸፈንን፤ ያልተሸፈነው ትርፍ ነው። እግር 11 ክብ፣ ታክሲ 5 ክብ፣ ትርፉ 6።

"በስድስት ይበልጣል!"
"ስድስት ምን?"
"ስድስት... ክብ።"
"ክብ ነው እንዴ ትምህርት ቤት የሚመጣው?"
"ውይ! አስራ ሁለት ልጅ።"

ከዚህ በኋላ "ስንት" ብዬ ጠይቄ አላቆምም፣ "ስንት ምን" እላለሁ። አሁን እርስ በርሳቸው ይባባሉታል።

ፍራንሲስ ኩርሲዮ የምትባል አሜሪካዊት የሂሳብ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግራፍ ማንበብን በሦስት ደረጃ ከፍላው ነበር፦ የተጻፈውን ማንበብ፣ በተጻፈው መካከል ማነጻጸር፣ ከተጻፈው አልፎ መገመት። የእኛ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ላይ ነው የሚቀሩት። ሦስተኛውን ለመሞከር የተወለዱበትን ወር ከቤት ጠይቀው እንዲመጡ አደረግኩና ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ረድፍ ሠራን። ጳጉሜን ባዶ ሆነ። ሊያጠፉት ፈለጉ፣ "ምንም የለማ!" እያሉ፤ ባዶነቱም መረጃ ነው ብዬ አስቀረሁት። ለምን ባዶ ሆነ? አንዱ "ለአዲስ ዓመት እየጠበቁ ነው" አለ። ሌላዋ "ሐኪሞቹ በዓል ላይ ናቸው" አለች። ከዚያ አንድ ዝምተኛ ልጅ "5 ቀን ብቻ ነዋ" አለ፤ ሌላው ወር 30 ቀን እንዳለው፣ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ እንደሆነ ተነጋገርን። ግራፉ ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም፣ እሱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባቸው። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ክፍለ ጊዜ ይሄ ነበር።

ቀጣዩ ቁልፍ 10 ነው። 5ን ዘልዬዋለሁ፣ ግማሹ ሁለት ተኩል ስለሆነ፤ ከተቆረጠው ልጅ በኋላ ተኩል ልጅ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ለ10 ግን የእኛ ክፍል ብቻውን አይበቃም፣ ሌሎቹንም የ3ኛ ክፍል ምድቦች መጠየቅ ሊኖርብን ነው። የ3ኛ "ለ" አስተማሪ መጥታችሁ ጠይቁ ብላለች፣ ቆርኪ ይዞ የሚገባ ልጅ ግን እንዳላይ ብላለች፣ ስለዚህ እዚያ በወረቀት ነው የምንሠራው።