ዘመድ ጥየቃ፦ ከባቦጋያ አንኮበር

ቤታችን ቢሾፍቱ ነው፣ ባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ አያጣም። ለፋሲካ፣ ለክረምት ዕረፍት፣ አንዳንዴም እንዲሁ ለቅዳሜና እሑድ፣ ዘመድ ልጆቹን ሰብስቦ ይመጣል። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ እናነጥፋለን፣ ቆሮሶ እንጠብሳለን፣ ልጆቹን ከውሃው ስንመልስ እንውላለን። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ዳሩ ወዲያው ይጠልቃል፤ መሐሉ ከ60 ሜትር በላይ ነው። እንግዳ ባለ ቁጥር ዓይኔ ከልጆች ላይ አይነሳም። ያደክማል። ቢሆንም ቤቴ ሰው ሲሞላ ደስ ይለኛል፤ ያደግሁትም እንዲሁ ነው።

ደስ የማይለኝ አንድ ነገር አለ። ሁልጊዜ የሚመጡት እነሱ ናቸው። እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከአንኮበር ተነስተው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ መኪና እየቀያየሩ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። እኛ የእሳቸውን ደጅ የምንረግጠው ሰው ሲሞት ነው። ለቅሶ ደርሰን፣ ንፍሮ ቀምሰን፣ በማግሥቱ እንመለሳለን። ዘመድ ድንኳን ውስጥ ብቻ ከተገናኘ ዘመድነቱ ምኑ ላይ ነው? በ2011 ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ ልጄን ይዤ ተነሳሁ። ማንም አልሞተም። ልንጠይቃቸው ብቻ ነው የሄድነው።

እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የሚወራ ነገር የለውም። ላምበረት መናኸሪያ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ተሳፍረን ስንወጣ 8 ሰዓት አልፏል። ሸኖ ላይ ሾፌሩ ቅቤ ሊገዛ ቆመ። የሸኖ ቅቤ ስሙ የታወቀ ነውና ተሳፋሪው በሙሉ ተከትሎት ወረደ፤ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ ለእትዬ ቡናና ስኳር፣ ለልጆቹ ብርቱካን ይዣለሁ። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝቶ ስለነበር ከቦታዬ አልተነሳሁም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና አልቋል፤ ማደር ግድ ሆነ። ከመኪናው እንደወረድን ብርዱ ጆሯችንን ያዘን። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ጥር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። አልጋው 350 ብር ነው ተባልኩ። ሙቅ ውሃ አለ ብለውኝ ነበር፣ የለም። ከታች ያለው መጠጥ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃውን አላቆመም። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አልጋው ላይ ያለው ግን አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ልጄ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ወርጄ ሁለተኛ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ልጁ ተጨማሪ ሰው ስለሆነ 50 ብር ጨምሪ አሉኝ። ከፈልኩ፤ በዚያ ሰዓት የት እሄዳለሁ? ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ብርድ ልብስ በሚመረትባት ከተማ አንድ ሕፃን ሲበርደው ዋጋ ይወጣለታል? እኛ ቤት እንግዳ ልጅ ይዞ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ልጁ ነው። በላ ወይ፣ ሞቀው ወይ፣ ተኛ ወይ። ስለ ትልቁ ሰው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የአንኮበሩን ሚኒባስ አገኘን። ለሁለታችን 80 ብር። መንገዱ ኮረኮንች ነበር፤ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ነበር። ብዙም ሳንሄድ ልጄ ፊቱ ገረጣ። ሊያስመልሰው መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ምንም ሳይሉ ከመቀነታቸው ሎሚ ፈትተው አወጡ። በጥፍራቸው ልጡን ጫር ጫር አድርገው አፍንጫው ሥር ያዙለት። «አሽትት የኔ ጌታ፣ ሩቅ ሩቁን እይ» አሉት። ቦታቸውን ለቀው በመስኮት በኩል አስቀመጡት፣ በጋቢያቸው ጫፍም ሸፈኑት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የማን ናችሁ?» አሉ። የእትዬን ስም ስነግራቸው ባላቸውን፣ አማቻቸውን፣ የሞተችውን ላም ሳይቀር ያውቃሉ። ከመውረዳችን በፊት በጋብቻ ተዛመድን።

አንድ ቦታ ላይ ሾፌሩ ዝግ አለ። ጭላዳዎች መንገዱን ሞልተውታል። ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ሰው መኖሩ ግድ አይሰጣቸውም። ልጄ ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። «ለእናንተ ደስ ይላል» አሉ እናትየዋ፣ «ገብስ ለዘራ ሰው ግን ሌባ ነው። የኔ ልጆች እሱን ሲጠብቁ ነው የሚውሉት።» እሳቸው ከእኛ ቀድመው ወረዱ። ለሎሚው ብርቱካን ልስጥዎ ብል አሻፈረኝ አሉ፤ በስንት ልመና አንድ ተቀበሉ።

የእትዬ ቤት ከከተማው በላይ፣ ከመንገዱ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ ድሮ ሣር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ብደውል ስልካቸው አይሠራም፤ ስለዚህ መምጣታችንን አላወቁም። ደጃፍ ላይ ሰሌን ዘርግተው ገብስ ያሰጣሉ። ቀና ብለው አዩን። ወዲያው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ማነው? ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው።»

«አትደብቂኝ ልጄ። እናትሽ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት። ስልክ ልደውልልዎና ያናግሯት።»

አላመኑኝም። ስልኩ ያዘ፣ የእናቴን ድምፅ ሰሙ፣ ከዚያ ነው ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያለቀሱት። ልጄ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። ያንን ቅጽበት እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት የእህታቸውን ልጅ ደጃቸው ላይ ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ሞት ከሆነ፣ እኛ የከተማ ሰዎች ለዘመዶቻችን ምን ሆነንባቸዋል?

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። የልጅ ልጃቸው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ በኩበት እሳት ውሃ አሞቀች። በሳፋ አድርጋ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ተዪው ብላት እትዬ «እኔ ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ነው እሷን ያዘዝኳት፤ ዝም በይ» አሉኝ። ልጅቷ ከተረከዜ ጀምራ በአውራ ጣቷ ትፈትጋለች፣ በጣቶቼ መሐል ያለውን አቧራ አንድ በአንድ ታወጣለች። የውሃው ሙቀት የሌሊቱን ብርድ ከአጥንቴ አወጣው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ እግሬን ሳመች። የልጄንም እንዲሁ። እሱ አፍሮ ፊቱን ሸፈነ። እኛ ቤት እንግዳ ሲገባ መታጠቢያ ቤቱን እናሳየዋለን፣ ቀጥለን በረንዳው ላይ አውጥተን ሐይቁን እናሳየዋለን። ከደከመ ሰው እግር መጀመር እንደሚቻል ከልጅነቴ በኋላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዶሮ ታረደ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ጠላ ቀረበ፣ ለልጄ እርጎ። እትዬ በሞቴ እያሉ ያጎርሱኛል፤ በቃኝ ማለት አይሠራም። ጎረቤት መምጣታችንን ሰምቶ ገባ፣ እያንዳንዱም በር ላይ ቆሞ ማን እንደሞተ ጠየቀ። ማንም እንዳልሞተ ሲሰሙ ደስታቸው ልዩ ነበር። ቡናው በረካ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አልቋል።

ወሬው ሁሉ ስለ በልግ ዝናብ ነበር። በዚህ ደጋ ብዙ ሰው ከየካቲት በኋላ የሚጥለውን ዝናብ ይጠብቃል፤ እሱ ከቀረ የዓመቱ ገብስ ይጎድላል። እኛ ሐይቅ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናብ የምናወራው ልብስ ስናሰጣ ነው።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ነፋሱ ከገደሉ በታች እየተነሳ በሩን ይደበድበዋል። ቁንጫም አለ። እኔና ልጄ መደቡ ላይ ተኝተን የደረቡልን ባና፣ የበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ ከብዶኝ መገላበጥ አቃተኝ፤ ሙቀቱ ግን ወደር የለውም። ሌሊት ለውኃ ሽንት ስነሳ እትዬን ምድጃው አጠገብ አየኋቸው። በነጠላ ጋቢ ተጠቅልለው አመዱን ተጠግተዋል። የሰጡን የራሳቸውን ባና ነው። ላለብሳቸው ስሞክር እጄን ያዙኝ። «እንግዳዬ በርዷት እኔ ሞቆኝ ባድር እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉ። ተከራከርን፣ በሹክሹክታ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ። በመጨረሻ ሁለታችንም ባናውን ተጋርተን ምድጃው ጥግ ቁጭ ብለን አነጋን። የእናቴን ልጅነት፣ የተጣሉበትን፣ የታረቁበትን፣ ስንት ነገር ነገሩኝ። ደብረ ብርሃንም እዚህም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ሌሊት ግን በምንም አልለውጠውም።

ሲነጋ ገለባው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ፀሐይ እስክትወጣ ግድግዳ ተደግፈን ጠበቅናት።

የአክስቴ ልጅ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወሰደን። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት ፍርስራሽ ነው። ከላይ ሲታይ ግን ምድር ከእግር ሥር ትከፈታለች፤ ገደሉ፣ ደኑ፣ ከታች ደግሞ እስከ አፋር የሚዘረጋው ቆላ። አንኮበር እንግዳ ተቀብላ የኖረች አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከባሕር ተነስቶ ያን ቆላ አቋርጦ ወደዚህ ወጥቷል። በ1876 እ.ኤ.አ. ለመጡት የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ደግሞ ምኒልክ እዚሁ አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። መሪያቸው አንቲኖሪ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ሊሸጥ አንኮበር ሲደርስ ግን ምኒልክን አላገኛቸውም፤ እሳቸውን ፍለጋ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የቤቱን ባለቤት ማጣት! የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ እናቱን አሰብኩ። አንድ ጊዜ ቢሾፍቱ ሲመጡ እኛ አዲስ አበባ ሄደን፣ ጎረቤት ቤት እስክንመለስ ጠብቀዋል። አንዲት ቃል አላማረሩም።

የመሄጃችን ዋዜማ እትዬ ስለ እኛ ቤት አንሥተው አንድ ነገር ነገሩኝ። ሲመጡ ሁልጊዜ የምንሰጣቸው ሐይቁን የሚያየውን ክፍል ነው፤ የቤቱ ምርጥ ክፍል እሱ ነው። «ውሃ ሲሄድ እንጂ ሲቆም አልለመድኩም» አሉ። «ያ ዝም ያለ ነገር በመስኮት ሲያየኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ የምመጣው እናንተን ለማየት ነው፤ ከእናትሽ ጋር አንድ ክፍል ብታስተኚኝ ይበቃኛል።»

ስንነሳ ባዶ እጃችንን አልለቀቁንም። ቆሎ፣ የተከካ ባቄላ፣ አንድ ቁና ገብስ፣ ለመንገድ ዳቦ። ስጦታው ይዘን ከሄድነው እጥፍ ነው። መልሼ ላስቀር ብል ይቀየማሉና ተሸከምኩት። ልጅቷ እስከ መኪናው ሸኘችን። መልስ መንገዱ በሰላም አለቀ፤ ደብረ ብርሃን ሳናድር በዚያው ቀን ቢሾፍቱ ገባን።

እትዬ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ ብለዋል፣ እግሬን ያጠበችውን ልጅ ይዘው። እናቴ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አስገብተናል። ምድር ቤት ነው፣ ለጉልበታቸውም ይመቻል፤ መስኮቱ በጓሮ በኩል ወደ ዶሮዎቹ ያያል። ሐይቁን ማየት የምትፈልገው ልጅቷ ከሆነች በረንዳው አለላት፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። በኅዳር ደግሞ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ ባለቤቴንም ይዤ ለመመለስ ለእትዬ ቃል ገብቻለሁ።