50 ኸርዝን ከክራር ጋር ማስማማት

ስለ ከተማና ስለ ማሽን በምሠራው ሙዚቃ ላይ እምም የሚለውን የመብራት ድምፅ ከክራር ጋር ሳስማማ ለወራት ያስቸገረኝ ነገር ሰሞኑን ተፈታልኝ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችን ነው፦ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ከዩቲዩብ የተለቀመ የሃውስ ቢት፣ ኋላ ኤብልተን ላይቭ የሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር። ኖታ ዛሬም አላነብም፤ በጆሮዬ ነው የምሠራው። ስለ ዘመኑ ኑሮ ልሥራ ስል መጀመሪያ የቀዳሁት የቀላል ባቡሩን የበር ድምፅ፣ የስልክ ኖቲፊኬሽንና የታክሲ ረዳት ጥሪ ነበር። ጥሩ ማጣፈጫ ናቸው፤ ዘፈን ግን አይሸከሙም። ድምፅን የሮቦት አስመስሎ ስለ ቴክኖሎጂ መዝፈንም አይጥመኝም። የጀርመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ክራፍትቨርኮች በ1974 እ.ኤ.አ. አውቶባንን ሲያወጡ የሠሩት ስለ ራሳቸው አገር አውራ ጎዳና ነው። እኔም በየቤታችን ያለውን ፈለግኩ፤ ከቀረጻ ለማጥፋት የምንለፋበትን እምም ባይ የመብራት ድምፅ፣ ሃሙን።

አቀዳዱ ቀላል ነው። የጊታር ኬብል አንዱን ጫፍ ሳውንድ ካርዱ ላይ ሰኩ፣ የሌላውን ጫፍ በጣታችሁ ንኩ። ፋንተም ፓወር (ለማይክ የሚላከው ኤሌክትሪክ) ይጥፋ፣ ድምፁም ዝቅ ይበል። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ምንም ሥራ የላችሁም።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ድርቦቹ (የ50 ብዜቶች) 100፣ 150፣ 200፣ 250 እያሉ አብረውት ይመጣሉ። ጣጣው 100 ኸርዝ ኪቦርድ ላይ አለመኖሩ ነው። ጂ የምትባለው ድምፅ 98፣ ቀጥላ ያለችው ጂ ሻርፕ 103.8 ነው፤ ሃሙ ከጂ 35 ሴንት (ሴንት በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት መቶኛ ነው) ከፍ ብሎ መሃል ላይ ይቀራል። ሲንዙን (ሲንተሳይዘሩን) ጂ ላይ ስትጫወቱ ሁለቱ ይጣሉና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ብዙዎች «ሃሙን ፒች ሺፍት አድርገው፣ ከፍታውን ቀይረው» ይላሉ። በፍጹም አልስማማም። ከቦታው ካነሣችሁት የአዲስ አበባ መብራት መሆኑ ይቀርና ማንኛውም ሲንዝ የሚያወጣው ቤዝ ይሆናል።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አመጣሁት። የፕሮጀክቱን የቅኝት መነሻ ከተለመደው ኤ 440 ወደ ኤ 449 አዞርኩ። ክራሩን ያለ ቲዩነር፣ ሃሙን በስፒከር ከፍቼ ቃኘሁት፤ ክሩን ጥቂት ጥቂት ስወጥር መንቀጥቀጡ እየዘገየ ይሄዳል፤ ቀጥ ሲል ገባ ማለት ነው።

ከዚያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ የፍሪጇን ድምፅ ቀድታ ላከችልኝ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ የፍሪጁ ሃም በእጥፉ፣ 120 ላይ ነው። 120 ለ100፣ ስድስት ለአምስት፤ ማይነር ሰርድ የሚባለው የድምፅ ርቀት! የትዝታ ማይነር ሦስተኛዋ ድምፅ ናት። ኪቦርዱ ከሚሰጠው 16 ሴንት ያህል ከፍ ትላለች፤ ለእኔ ጆሮ ትክክለኛዋ ይህች ናት። ክራሩን በ100፣ 112.5፣ 120፣ 150፣ 160 ቃኘሁትና አዲስ አበባና ሜሪላንድ አንድ ቅኝት ውስጥ ገቡ።

ያስቸገረኝ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሃም አምስተኛ ድርብ 250፣ የእነሱ አራተኛ 240 ነው። የእኛው ወደ ሜጀር ይስባል፣ የእነሱ ወደ ማይነር፤ ሲደራረቡ ይሻክራሉ። ኮምፕሬሰርም ሪቨርብም ሞከርኩ፤ አባባሱት። የፈታው ጠባብ ኢኪው (የተመረጠ ድምፅ ብቻ የሚቀንስ ማጣሪያ) ነው፤ ከእኛ ሃም 250ንና 500ን ብቻ መቁረጥ። ፍሪጁ እስኪገባ ድረስ አልቆርጥም። ዘፈኑ ሜጀር ሆኖ ይከፈታል፤ የእህቴ ቤት ድምፅ ሲመጣ ወደ ማይነር ይዞራል። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ቦታ ይሄ ነው። 300ን ግን አትንኩ፤ የእኛ ስድስተኛና የእነሱ አምስተኛ ድርብ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ምቱ ላይ የምለው አጭር ነው፦ ችክችካ 6/8 ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚሰጣችሁን 4/4 መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከበሮውን ኳንታይዝ አታድርጉ፣ ማሽኑ ምቱን አያስተካክለው።

ያልተፈታልኝ የስልክ ስፒከር ነው። 100 ኸርዝ በስልክ አይሰማም፣ አድማጫችን ደግሞ በስልክ ነው የሚሰማው። ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያዛባ ኢፌክት) ጨምሬ የላይኞቹን ድርቦች አጉልቻለሁ፤ አልረካሁም። የተሻለ ዘዴ ያለው ይንገረኝ።

ቀጥሎ ጄኔሬተር ነው፤ ምጣድ ሲሰካበት ዙሩ ወርዶ ድምፁ የሚሰጥመውን። ሪያድ ያላችሁ፣ መብራታችሁ እንደ አሜሪካ 60 ነው፤ ዱባይና ቴል አቪቭ እንደኛው 50። የፍሪጅም የኤሲም ድምፅ ላኩልኝ፤ በቴሌግራም ከሆነ በቮይስ ሳይሆን በፋይል ይሁን፣ ቮይሱ ጨምቆ ያበላሸዋል።