ከሚዛኑ ኋላ ያለው ማዳበሪያ

ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው የሰፈሩን ኑሮ ከቀበሌውም ከዕድሩም ቀድሞ ያውቃል። ማንም አይነግረውም፣ እህሉ ይነግረዋል። አምና ነጭ ጤፍ ታስፈጭ የነበረች ሴት ዘንድሮ ሰርገኛ ይዛ ትመጣለች። ትንሽ ቆይታ ጤፉ ላይ በቆሎ ትቀላቅላለች። ቀጥሎ በቆሎው ይበዛል። ከዚያ በጆንያ መምጣቱ ይቀርና በፌስታል ይሆናል። ፌስታሉን ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፣ ኪሎውን የሚያነብ ሰው እንዳይኖር።

የምሠራበት ወፍጮ ቤት ጅማ፣ ከመርካቶ ወረድ ብሎ ነው። እኔ ማሽኑ ላይ ነኝ። ሚዛኑና የገንዘብ ሣጥኑ በአንዲት ትልቅ ሴት እጅ ነው፣ ሠራተኛውም ደንበኛውም እማማ ይላቸዋል። ባለቤቱን ሐጂ እንላቸዋለን። እማማ የማርያም ጽዋ ያላቸው፣ ረቡዕና ዓርብን የማይስቱ ሰው ናቸው። ሐጂ ሶላት የማያሳልፉ ሰው ናቸው። አብረው ከሠሩ ዘመን የለውም።

ነገሩ የሆነው በ2016 ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፣ ሰኞ መጋቢት 2። ጅማ ውስጥ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንዳንዴም አንድ ማጀት የሚጋሩ ሰዎች አሉና ሁሉም ሰው አንድ ላይ ጦመኛ ሆነ። ለወፍጮ ቤት ግን ጾም ማለት የሥራ ጫና ነው። አንዷ ለሽሮ የተለቀመ አተርና ባቄላ ይዛ ትመጣለች። ሌላዋ ለአፍጥር ሾርባ ገብስ ታስከካለች። ወረፋው ውስጥ የኮረሪማና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይደባለቃል። (በርበሬ በተፈጨበት ማሽን ሳይጠራ ገብስ ፈጭቶ የተሰደበ ሰው ብቻ የዚያን ወር ጭንቀት ያውቃል።)

ኑሮውም እንደዚያው ነበር። ጤፍ በኩንታል ከ10,000 ብር በላይ የሚጠራበት ጊዜ ነው። የቡናው ገንዘብ ከለቀማው ወራት ጋር መጥቶ ሄዷል፣ ቀጣዩ ቡና ገና አበባ ነው። ሚዛን ላይ ፌስታል በዛ።

በጾሙ መጀመሪያ አካባቢ እማማ ከሚዛኑ ኋላ ባዶ ማዳበሪያ አቆሙ። ምንም አልጻፉበትም። በጆንያ እህል ያመጣ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል ጠጋ ይሉና፣ «ቁርስህን ትተህ የለ? የቁርስህ ዋጋ የት ገባ?» ይሉታል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያፍራል፣ ብዙው አንድ ጣሳ ጨምሮ ይሄዳል። «የተዉትን ምሳ ለራስ ካጠራቀሙትማ ቁጠባ ነው እንጂ ጾም አይደለም» ይሉ ነበር። የኔታ ከመቅደስ ወጥተው ሲያስተምሩ እንደሚሉት ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት አብረው ካልሄዱ አይሆንም ማለታቸው ነው፣ ግን በእሳቸው አፍ ሲወጣ ትንሽ ይቆነጥጣል።

ሙስሊም ደንበኞችም ጣሳቸውን ጨመሩ። ሐጂ ራሳቸው ሰደቃ ብለው አንድ ቁና በቆሎ ገለበጡ። ዘካተል ፊጥሩን ግን ለብቻው አስቀመጡ። እሱ የራሱ ሥርዓት አለው፣ በሰው ልክ ተሰፍሮ ከዒድ ሶላት በፊት ለባለመብቱ መድረስ አለበት ብለው አስረዱን። እማማ ደስ አላቸው። ሁሉን በአንድ ማዳበሪያ ካልጨመርን የሚል ሰው ሃይማኖት አያውቅም ባይ ናቸው።

አሰጣጡ ነው ዋናው። ፌስታል የያዘች ሴት ስትመጣ እማማ እህሉን ይመዝናሉ፣ ሒሳቡን ይቀበላሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ሚዛኑን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ። ይኼ ለእኔ ነው። እህሏን ማሽኑ ላይ ስገለብጥ ከማዳበሪያው በቆሎ አብሬ እጨምራለሁ። ድምፁ ያደነቁራል፣ ዱቄቱ ይቦናል፣ ማንም ማንን አያይም። ዝርዝር የለም፣ ፊርማ የለም፣ ፎቶ የለም። ሰው አምስት ሊትር ዘይት ሊሰጥ ድሀን አሰልፎ ካሜራ ሲደግን ሳይ የሚሰማኝን እዚህ አልጽፈውም። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አይወቅ የተባለው ለጌጥ አይመስለኝም።

አንድ ቀን እማማን፣ «ለምን ጠርተው አይሰጧትም?» አልኳቸው። የመጽሐፍ ቅዱሷን ሩትን አነሡልኝ። ባለ እርሻው ቦዔዝ እህል ሞልቶት ሳለ መጀመሪያ ሩትን ጠርቶ ጆንያ አላሸከማትም። አጫጆቹን ነው ያዘዘው፦ ከነዶው ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ጣሉላት፣ አትገሥጿትም። እሷ ቃርማ መስሏት ለቀመች። «ሠርታ እንዳገኘችው ሆና ቀና ብላ ቤቷ ገባች» አሉ እማማ። «በኋላማ ሰጥቷታል፣ ግን በኋላ ነው።»

ያላስታወስነው ግን የሩት አማት ነገር አለ። ኑኃሚን የመጣውን ገብስ አይታ ዝም አላለችም። የቃርሚያ አይመስልማ! የት ብትቃርሚ ነው ብላ ጠየቀቻት።

የእኛዋ ኑኃሚን በሐሙስ መጣች። ሐሙስ በጅማ የገበያ ቀን ነው፣ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ከስንት አገር ነጋዴ ሲሰበሰብበት የኖረ ቀን። ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ወጥቷል። አንዲት ቡና መጋዘን ለቀማ የምትሠራ ደንበኛችን ናት፣ ሥራው ከቀዘቀዘባት ሰንብቷል። ትናንት ያስፈጨችውን ዱቄት በነጠላዋ ጠቅልላ ሰዉን እየገፋች ገባችና ሚዛኑ ላይ ዱብ አደረገችው።

«እማማ፣ የሰው ዱቄት ወስጃለሁ።»

እማማ ፈገግ አሉ። «የማንንም አልወሰድሽም ልጄ።»

«አራት ኪሎ ነው ያመጣሁት። እርስዎ ራስዎ ነዎት የመዘኑት። እቤት በጎረቤት ሚዛን ስለካው ከስድስት በላይ ነው። እህል ሲፈጭ ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል እንዴ?»

ወረፋው ውስጥ ያለ አንድ ልጅ፣ «የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ!» ብሎ አሳቀ፣ በነቢዩ ኤልያስ ዘመን ዱቄቷ ያላለቀባትን ሴት ማለቱ ነው። እሷ አልሳቀችም። ዱቄቷ የጎደለባት ሌላ ሴት ቤቷ ሆና እያለቀሰች እንደሆነ ነው የታያት።

እማማ ቶሎ መላ መቱ። «መብራት ሲጠፋ የሌላ ሰው እህል ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ካንቺ ጋር ወረደ።» ይህ በወፍጮ ቤት በእርግጥ ያጋጥማል። መብራት መሀል ላይ ሲሄድ ያልወረደው ለቀጣዩ ሰው ይተርፋል።

«ትናንትማ መብራት አልጠፋም» አለች ሴትዮዋ።

እውነቷን ነበር። ለጅማ ብርቅ ቢሆንም ትናንት መብራት ውሎ አድሯል። እማማ በዐቢይ ጾም አንድ ውሸት ወርውረው ሁለተኛውን ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ወደ እኔ ዞረው፣ «አጥፋው» አሉኝ። ማሽኑን አጠፋሁ። ወረፋው አጉረመረመ። እማማ ሴትዮዋን እጇን ይዘው ከእኔ ኋላ፣ ጆንያ ወደሚደረደርበት ጥግ ወሰዷትና እውነቱን ነገሯት። ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። ማዳበሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «እናንተ ግን ለማን ነው የምትሰጡት?» አለች።

«ላነሰው ሰው ነዋ።»

«እማማ፣ እዚህ የሚመጣኮ የሚፈጭ ያለው ነው።»

እማማ መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝ። ሚዛን ላይ አራት ኪሎ የሚታየን አራት ኪሎ ያለው ሰው ነው። ምንም የሌለው ሰው ወፍጮ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አንድ ቤት ነገረቻቸው። ከእሷ ግቢ ጀርባ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ የተከራዩ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው በደህናው ጊዜ ቡና ጫኝ ነበሩ፣ አሁን ወገባቸው አልታዘዝ ብሏል። ሚስትየው አልጋ ላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው እጃቸውን የሚዘረጉ ሰዎች አይደሉም። «ከቤታቸው ጭስ ሲወጣ ካየሁ ቆየሁ» አለች። «የዕድሩም ሰው ጾም ነው ብሎ ያልፋቸዋል።»

እማማ ያን ጊዜውኑ ዱቄት በፌስታል ሊሞሉ ተነሡ። ሴትዮዋ ያዘቻቸው።

«እንደሱ ከሆነ አይቀበሉም። እኔ ነኝ የምወስደው። ዱቄት ገዝቼ ተረፈኝ፣ ነቀዝ ሳይበላብኝ ተበደሩኝ እላቸዋለሁ።»

ይኼ ሐሳብ ከየትኛውም ኮሚቴ የሚወጣ አይደለም። በግቢ ኑሮ መበደር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጨው፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ፍም ሳይቀር ሲበደሩና ሲመልሱ ነው የሚኖረው። ተበድሮ ያልመለሰውንም ማንም በደብተር አይዘውም። እማማ ሳቃቸው መጣ። ለድሀ የሚሰጥ ለእግዚአብሔር ያበድራል ተብሎ ተጽፏል፣ «አበዳሪዋ አንቺ ነሽ እንግዲህ፣ ባለዕዳው እሱ ነው» አሏት።

የራሷን አራት ኪሎ አስመዝና ለየች። ትርፉን በሌላ ፌስታል አሰረች። ከማዳበሪያው ተጨምሮበት ወደ ታች ወረደች። እኔ ማሽኑን አስነሣሁ፣ ወረፋውም ስድቡን ቀጠለ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ከዚያ በኋላ ሳነበው ሌላ ሆነብኝ። በኢየሩሳሌም በዕለት ዕለቱ እደላ የተዘነጉ መበለቶች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ጨክና አይመስለኝም። ዓይኗ ያላረፈበት ቤት ስለነበረ ነው። ሐዋርያት ችግሩ ሲነገራቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። እኛ ማንንም አላስመረጥንም፣ ዱቄት ልትመልስ የመጣች አንዲት ሴት አገኘን። እሷ ሌሎች ሁለት ሴቶች አመጣች፣ አንዷ ሙስሊም ናት። በየግቢያቸው የማን ጭስ እንደጠፋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እማማ አይጠይቋቸውም፣ ስም እንዲነግሯቸውም አይፈልጉም። «እኔ ካወቅሁ መንገድ ላይ ሳገኘው ዓይኔ ያሳብቅብኛል» ይላሉ።

ዒድ ሚያዝያ 2 ዋለ። ፋሲካ ሚያዝያ 27። ማዳበሪያው አልተነሣም። አሠራሩ ብቻ ትንሽ ተስተካከለ። ሴቶቹ መውሰድ ሲጀምሩ የእነሱን ፈጭተን ነበር የምናስቀምጠው፣ ግን የጅማ እርጥበት ለዱቄት አይመችም፤ የበቆሎ ዱቄት ሲቆይ ይመርራል፣ ይጓጉላል። አሁን በእህልነቱ ይቀመጥና ሴቶቹ በሚመጡበት ቀን ትኩሱን እንፈጫለን። የመፍጫውን ሒሳብ በተመለከተ ሐጂ አልቀበልም አሉ፣ እማማ ደግሞ የሌላ ሰው መብራት አቃጥዬ አልመጸውትም አሉ። እስካሁን ገንዘቡን እማማ ሣጥኑ ውስጥ ይጥላሉ፣ ሐጂ ማታ ሒሳብ ሲያደርጉ ያወጡትና በቆሎ ይገዙበታል።