አፍንጫው ወደኔ ሲዞር፦ የሄሊኮፕተር ሲሙሌተር ልምምዴ እስካሁን

በሪሞት የሚበር ሞዴል ሄሊኮፕተር በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የማብረር መለማመጃ ፕሮግራም፣ መለማመድ ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ። እናንተም እየሞከራችሁ ከሆነ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሪሞቱ። በኪቦርድ ጨርሶ አይሆንም። በጌም ፓድ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። የጌም ፓድ ስቲክ ስትለቁት ወደ መሃል ይመለሳል። በሄሊኮፕተር ሪሞት ግን ከፍታ የሚቆጣጠረው ስቲክ ስፕሪንግ የለውም፣ የተዋችሁት ቦታ ይቆያል። ጣታችሁ መልመድ ያለበት ይሄንን ነው። ስለዚህ ያገለገለም ቢሆን እውነተኛ ሪሞት ፈልጋችሁ በዩኤስቢ አገናኙ። እኔ የምጠቀመው ሞድ 2 ነው። በግራ እጅ ከፍታና ጭራ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ማዘንበል ማለት ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አትጨነቁ። ሪያልፍላይትም ሆነ ሌላው ለጀማሪ ይበቃል። ይልቅ የሞዴሉ መጠን ላይ አስቡበት። በእውን ሲገዛ ሰው ከትንሿ ይጀምራል፤ ኪስ ያስገድዳል። ስክሪን ላይ ግን ሲከሰከስ ወጪ የለም፣ ስለዚህ 700 የሚባለውን ምረጡ። ቁጥሩ የዋናው ብሌድ (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) ርዝመት በሚሊሜትር ነው፣ በግምት። ትልቁ ይረጋጋል፣ ከሩቅም አቅጣጫው ይለያል።

ጭራው ወደኔ ሆኖ አየር ላይ ማቆም ቶሎ ተያዘልኝ። ጎኑን ሲሰጠኝም ደህና ነኝ። ጉዱ የሚፈላው አፍንጫው ወደኔ ሲዞር ነው። የሱ ቀኝ የኔ ግራ ይሆናል። ወደፊት ብገፋው ደግሞ ፊቴ ላይ ይመጣል! አእምሮ ይሄን ያውቀዋል፤ ጣት ነው የማይሰማው።

የጠቀመኝ አንድ ዘዴ አለ። አፍንጫው ወደናንተ ሆኖ ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ስቲኩን ወደ ወደቀው ጎን ግፉት። በእናንተ ቀኝ በኩል ዝቅ ካለ፣ ቀኝ። ልክ ሊወድቅ ያለ አጥር በእንጨት እንደመደገፍ ነው። «የሱ ቀኝ የቱ ነበር?» ብላችሁ ስታስቡ መሬት ይደርሳል፤ ድጋፉ ግን ሳይታሰብ ይመጣል። ደግሞ በአንዴ አታዙሩት። ከጎን ተነሱና አፍንጫውን ትንሽ በትንሽ ወደናንተ አምጡት። ሲጨንቃችሁ መልሱት።

ሌላው ጠላት በረራውን እንደ አዲስ የምታስጀምረው ሪሴት የምትባለዋ ቁልፍ ናት። ትንሽ ሲንገዳገድ እሷን መጫን በጣም ያምራል። ግን ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። እስኪከሰከስ ድረስ ለማዳን መታገል ነው ትምህርቱ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ በባትሪ ይሠራል፣ ምስሉ ግን መንቀራፈፍ ይጀምራል። ያኔ እዘጋዋለሁ። ዘግይቶ በሚደርስ ምስል የለመደ ጣት አጉል ነገር ነው የሚማረው።

አሁን አየር ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ማብረር እየሠራሁ ነው፣ በዝግታ። ወደ ግራ ስታጠፍ ደህና ነኝ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ከፍታ ይወርድብኛል። እሱ ሲስተካከል ሞተር አጥፍቶ ማሳረፍን እሞክራለሁ። ሲወርድ የብሌዱን ማዕዘን ከዜሮ በታች ታደርጉታላችሁ፣ ከታች የሚመጣው አየር ብሌዱን ያሽከረክረዋል፣ መሬት አጠገብ ያንን ጉልበት ተጠቅማችሁ ታሳርፉታላችሁ። ዕድሉ አንዴ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ከምን ያህል ከፍታ ነው የጀመራችሁት?