ወደ ሃርትፎርድ፣ ከቀሪ ተማሪዎች ደጃፍ

ቨርጂኒያ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ የባቡር ጣቢያ የተነሣሁት በማርች ወር፣ በአንድ ረቡዕ ማለዳ ነው። ገና አልነጋም፤ ከጣቢያው ማዶ በኮረብታው ላይ የቆመው የጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ማማ ከጨለማው ውስጥ በጭላንጭል ይታያል። በቦርሳዬ ቆሎ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይና አዲስ ደብተር ይዣለሁ። መድረሻዬ የኮነቲከት ግዛት ዋና ከተማ ሃርትፎርድ ነው። የምሄደውም ከትምህርት ገበታቸው አዘውትረው የሚቀሩ ልጆችን ቤት ለቤት እየሄዱ የሚጠይቁ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ አጠገባቸው ሆኜ ለማየት ነው። እኔም የዚሁ ሥራ ባልደረባ ነኝ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ፣ በትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል የምመላለስ የቤተሰብ አገናኝ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ከዚያ በፊት በደቡብ ወሎ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። የክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ ጧት ጧት ስም የምጠራው እኔ ነኝ፤ «አቤት» የሚል ድምፅ ካጣሁ ከስሙ ትይዩ የቀሪ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱ ለሦስት ቀን ከተከታተለ የክፍሉን አለቃ አስከትዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጁ ቤት እሄዳለሁ። በኅዳር ጤፍ ሲታጨድ፣ በገበያ ቀን፣ ወንዙ ርቆ ውኃ መቅዳት ግማሽ ቀን ሲፈጅ፣ የማገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገዱ ላይ ይታወቀኝ ነበር። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ የተከፈለኝም ነገር የለም። ይህ ሥራ በሌላ አገር ስምና ዲግሪ ያለው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚተዳደርበት ሙያ መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ባቡሩ ዋሽንግተንን አልፎ ወደ ባልቲሞር ሲያቀና ደብተሬን አውጥቼ ለራሴ አንድ ሒሳብ ጻፍኩ። የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶውን፣ ማለትም 18 ቀን፣ የቀረ ተማሪ «አዘውትሮ ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። በወር ሲሰላ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ወላጆች አምነው ለመቀበል የሚቸገሩት ቆጠራው ፈቃድ ያለበትንና የሌለበትን ቀን አለመለየቱን ነው፤ የሐኪም ወረቀት ያለውም፣ ዝም ብሎ የቀረውም፣ በቅጣት ከክፍል የታገደውም እኩል ይደመራል። ልጁ የቀረበት ምክንያት ምንም ቢሆን የመምህሩ ትምህርት አይደገምምና አቆጣጠሩ ልክ ነው እላለሁ። ነገር ግን ለተስካር ወይም ለሠርግ ሦስት ሳምንት አገር ቤት ደርሰው የሚመለሱ ልጆች 15 ቀን አጉድለው ስለሚመጡ፣ ለዓመቱ ጉንፋንና ትኩሳት የሚቀራቸው ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ከበረራው በኋላ በፖስታ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ ለማንም አልጠቀመም።

በአገሪቱ የዚህ ዓይነት ተማሪዎች ድርሻ ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2021/22 የትምህርት ዓመት ወደ 28 በመቶ ወጣ። ከአራት ልጆች ከአንድ በላይ ማለት ነው። ዊልሚንግተንና ፊላደልፊያ በመስኮቱ ሲያልፉ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስብ ነበር። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጬ እጽፈዋለሁ።

ልጅቱ እስከ ጥር ወር አሥራ አራት ቀን ቀርታለች። ትምህርት ቤቱ ሦስት ደብዳቤ ልኳል፤ አንዱ በአማርኛ የተጻፈ ነው። ተቀድቶ የሚላከው የስልክ መልእክት ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ እናቲቱም የማታውቀውን ቁጥር አታነሣም። ለስብሰባ የተጠራችው ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር በሩን ባንኳኳን ጊዜ እናቲቱ በሰንሰለቱ ልክ ከፍታ አየችን። ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠና «ምን አጠፋች?» አለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ደጃፍ ላይ ከዚህ ጥያቄ ይበልጥ የሰማሁት የለም።

ምንም አለማጥፋቷን ነግረን ስንገባ ጉዳዩ ወለል ብሎ ታየን። እናት ሌሊቱን በአውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ትሠራለች፤ ቤት የምትደርሰው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለ። የልጅቱ አውቶቡስ የሚነሣው የትንሹ አውቶቡስ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ነው። እናት ከዘገየች ልጅቱ ወንድሟን ብቻውን ትታ አትሄድም። ትምህርት ቤቱ ስንፍና ብሎ የመዘገበው የታላቅ እህት ኃላፊነት ነበር። እናትየው «እኔ ሌሊቱን የምሠራው እሷ እንድትማር ብዬ ነው፣ እህቴ» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። መፍትሔው የተገኘው እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት በር አልፎ የምትኖር የዕቁብ ጓደኛዋ ትንሹን ልጅ ከራሷ ልጆች ጋር ወደ አውቶቡስ ልታወርደው ተስማማች። ደብዳቤ የቀረውን ቀን ይቆጥራል እንጂ «ጧት ጧት ቤታችሁ ማን አለ?» ብሎ አይጠይቅም።

ኒውሄቨን ላይ ባቡር ቀይሬ በሃርትፎርድ መስመር ጉዞዬን ቀጠልኩ። ከተማዋን ለጉዞዬ የመረጥኳት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሙያው መነሻ ከሆኑት ከተሞች አንዷ መሆኗ ነው። አሜሪካ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማስገባት መጀመሪያ የተጠቀመችው በሕግ ነበር፤ ማሳቹሴትስ በ1852 የመጀመሪያውን የግዴታ ትምህርት ሕግ ስታወጣ፣ የመጨረሻዋ ግዛት ሚሲሲፒ በ1918 ተከትላለች። ሕጉ ይዞት የመጣው ቀሪ ልጅ ከመንገድ እየያዘ የሚመልስ ተቆጣጣሪ ነው። ልጁ የቀረበትን ምክንያት ከቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ የታየው በ1906 እና በ1907፣ በኒውዮርክ፣ በቦስተንና በሃርትፎርድ ነው፤ «ጎብኚ መምህራን» ይባሉ ነበር። በ1913 የሮቸስተር ከተማ የትምህርት ቦርድ ደመወዛቸውን ከራሱ በጀት መክፈል ጀመረ፤ በ1916 ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የትምህርት ቤት ሶሻል ወርከር የሚባለው ሙያ የእነርሱ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቅርብ ጊዜ የሆነ ነው። ኮነቲከት በ2021 በአሥራ አምስት የትምህርት ወረዳዎች የቤት ለቤት ጉብኝት መርሐ ግብር ጀመረች፤ ሃርትፎርድም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ውጤቱን ያጠኑ ተመራማሪዎች የተጎበኙ ተማሪዎች የመገኘት መጠን ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ወር በአማካይ 4 መቶኛ ነጥብ ገደማ፣ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ደግሞ 15 መቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ ማለቱን አግኝተዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የጊዜው ነገር ነው። በቅጣት የመጣ ለውጥ ቢሆን ፍርሃቱ ሲረሳ ይጠፋ ነበር፤ ይህኛው ግን እየዋለ እያደረ የሚያድግ ነው። ለምን እንደሚያድግ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሃርትፎርድ የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይርቁ የግዛቱ ምክር ቤት ወርቃማ ጉልላት ከፓርኩ በላይ ይታያል፤ በዙሪያው የከተማዋ መታወቂያ የሆኑት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሕንፃዎች ቆመዋል። በማግስቱ የተቀበለችኝ ጎብኚ ግን በመኪናዋ ይዛኝ የሄደችው ወደ ሌላው ገጽ፣ ሱቆቹ ስማቸውን በስፓኒሽ ወደጻፉበት ወደ ፓርክ ጎዳና ነው። እሷ ራሷ የፖርቶሪኮ ቤተሰብ ልጅ ናት። ከቤተሰብ ጋር የምትገናኘው በእኔ ፊት እንዲሆን አስቀድማ ፈቃድ የጠየቀችው አንዲት አያትን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ስትጎበኝ እኔ መኪና ውስጥ ቆየሁ። እንዲህ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ሰው በሩን የሚከፍትልሽ ለሌላ እንደማትናገሪ አምኖሽ ነው።

መንገድ ላይ ያስተማረችኝን በደብተሬ ጽፌአለሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ቀድመው ደውለው ቀኑን ወላጁ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። የቀሪ መዝገብ ይዘው አይገቡም፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠውም አይጽፉም፤ የሚጽፉት ወጥተው መኪና ውስጥ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያየ ስደተኛ መጀመሪያ የሚያስበው መንግሥትን ነውና ይህን የነገረችኝ መጀመሪያ ነው። ንግግሩ የሚከፈተው ስለ ልጁ በሚያውቁት መልካም ነገር ሲሆን፣ ያን ለማግኘት ከመሄዳቸው በፊት መምህሩን ይጠይቃሉ።

አያቲቱ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ሲከፍቱ በስፓኒሽ «ኬ ኢዞ?» አሉ። አስጎብኚዬ ልትተረጉምልኝ ዞር ስትል ገብቶኛል አልኳት፤ «ምን አጠፋ?» ማለት ነው። ከወሎ እስከ ቨርጂኒያ፣ ከቨርጂኒያ እስከዚህ፣ ትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመጣ ወላጅ የሚጠብቀው ክስን መሆኑ ልቤን አሳዘነው። ጓደኛዬ የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው በሳይንስ ክፍል ስለሠራው ድልድይ ነገረቻቸው። አያቲቱ ፈገግ ብለው ከማእድ ቤት ቡና ይዘው መጡ፤ እንደኛ ሰው፣ እንግዳ ሳይጠጣ ወሬ አይጀመርም።

ቡናው ሲጋመስ ነገሩ ራሱ መጣ። ልጁ አስም አለበት። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ በአንድ ጥግ ሻግቷል። ሌሊት ካሳለ አያቱ በማግስቱ አይልኩትም፤ ምክንያቱም ያለው የአስም መድኃኒት መንፊያ (ኢንሄለር) አንድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዶ ቢጠፋ ሌሊቱን እንዴት እናድራለን ብለው ይፈራሉ። ከክፍል የሚያስቀረው በሽታው ብቻ ሳይሆን የመንፊያው አንድ መሆን ነበር። ሐኪሙ ለሁለተኛ መንፊያ ትእዛዝ እንዲጽፍና ትምህርት ቤት ውስጥ ነርሷ ዘንድ እንዲቀመጥ የሚያስችለውን ቅጽ እንዲፈርም ጓደኛዬ እዚያው ደውላ ቀጠሮ ያዘች። የሻጋታው ጉዳይ ወደ ከተማው የጤና ክፍል የሚላክ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ቆይታ ተመልሳ እንደምትመጣ ስትነግራቸው አያቲቱ «ለምን?» ሳይሉ «ቡናውን አዘጋጃለሁ» አሉ። ከስድስት ወር በኋላ የሚታየው ውጤት ከየት እንደሚመጣ የገባኝ በዚህች ቅጽበት ነው፤ ሥራው ያለው በተመልሶ መምጣቱ ነው።

ማታ በሆቴሌ ሆኜ ስለ ሙያው ራሱ ብዙ ጻፍኩ። ይህን ሥራ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ሶሻል ወርከሩና የትምህርት ቤት አማካሪው አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ዲግሪና የግዛት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ነርሷ የራሷ ፈቃድ አላት፤ የቤተሰብ አገናኝና የመገኘት ክትትል ሠራተኛ ለመሆን ግን በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ የማኅበረሰቡን ቋንቋ መናገር ትልቅ ዋጋ አለው። በእኛ አካባቢ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ በአገር ቤት ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰዎችን አውቃለሁ። የኢትዮጵያ ዲግሪያቸውን ወደ አሜሪካ መለኪያ የሚያስተያይላቸው ድርጅት ዘንድ ቢያስመዝኑ፣ ይህ በር ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ነው። ቀሪ ልጅን ፍለጋ በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ናቸውና ከማንም በፊት ሊጠሩ የሚገባቸው እነርሱ ነበሩ።

የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው የፌዴራል መንግሥት ልዩ ድጎማ በ2024 አብቅቷል፤ በየቦታው በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ሁለተኛ ጉብኝት ሳይደረግ የሚቋረጥ ሥራ ቤተሰቡን ከጀመረበት ይልቅ ተጠራጣሪ አድርጎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ዘላቂ በጀት የሚገባው ነው።

ዓርብ ማታ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ስድስተኛ ፎቅ ወጣን፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል። ደብተሬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ከመሄዳችን በፊት መምህሩን ጠይቄ፣ ልጁ አዲስ ለመጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በፈቃዱ ሲያስተረጉም እንደሚውል ሰምቻለሁ። በሩን የከፈቱት በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም፣ እማማ። የሠራውን ደግ ሥራ ልንነግርዎት ነው የመጣነው» አልኳቸው። ትንሽ ቆመው አዩን፤ ከዚያም በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱትና ወደ ውስጥ ዞረው ልጃቸውን ወንበር እንዲያመጣ ጠሩት።